ሁለት አዘጋጅ፣ አንድ አሮጌ ታክሲ

በሥራ ዘመኔ ብዙ ባዶ ቦታ አይቻለሁ። ከነካዝናው የተነቀለ ባንክ አይቻለሁ፤ ከነበሩ ከነመስኮቱ የተሰረቀ ሱቅ አይቻለሁ፤ አንድ ጊዜ እንዲያውም ቤቱ ተወስዶ መሠረቱ ብቻ የቀረ ግቢ ውስጥ ቆሜ ቃል ተቀብያለሁ። የዚያን ቅዳሜ ማለዳ ያየሁት ጋራዥ ግን ከሁሉም ይብስ ነበር። መሬቱ ላይ የዘይት ጠብታ፣ ጥግ ላይ የታጠፈ የመኪና ሸራ፣ የመስኮቱ ደፍ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ድንጋዮች። ሌላ ምንም።

"መኪናው እዚህ ነበር" አለ ጥርስ ሐኪሙ፣ ባዶውን በጣቱ እያሳየ።

"አምንሃለሁ" አልኩት።

ጥርስ ሐኪሙ የቤቱ በኩር ነው፤ ሳያገባ ከእናቱ ጋር ይኖራል። ፖሊስ የጠራው እሱ ነው። ታናሽ እህቱ የጂኦግራፊ መምህርት ናት፤ የምትኖረው ሌላ ሰፈር ነው። ዜናውን ስትሰማ ጥቅልል ካርታ በብብቷ ሸጉጣ፣ በሁለት እግሯ የተለያየ ጫማ አድርጋ ነው የመጣችው።

የጠፋው የአባታቸው አሮጌ ታክሲ ነው። አባትየው በልብ ሕመም ሞተዋል። ልጆቹ ታክሲውን አሳድሰው፣ በረሃና ተራራ በሚያቋርጥ ረጅም የበጎ አድራጎት ራሊ ላይ ሊነዱት ቆርጠው ነበር። ከወዳጅ ከዘመድ የሚሰበስቡት መዋጮ ለሆስፒታሉ የልብ ክፍል ይሄዳል። እስከዚህ ድረስ ሁለቱም አንድ ሐሳብ ናቸው። የተጣሉት ከማን ጋር እንሂድ በሚለው ላይ ነው።

"አዘጋጆቹ ሁለት ናቸው" አለችኝ መምህርቷ። "አንዱ ኩባንያ ነው፤ ለትርፍ ነው የሚሠራው። ሌላው ማኅበር ነው፤ ለራሱ ምንም አያስቀርም። መጨረሻው መስመር ላይ መኪናውን ራሱን በጨረታ ሸጦ ለበሽተኛ ይሰጣል።"

"ኩባንያው መኪናህን ጭኖ ይመልስልሃል" አለ ወንድሟ። "ከኋላህም የእርዳታ መኪና ያስከትላል። መካኒክ አለው፣ ነርስ አለው። የማኅበሩ እርዳታ ጸሎት ነው።"

"የኩባንያው ደግሞ ደረሰኝ ነው።"

"በረሃ ላይ ስንቆም ማን ያነሳናል?"

"እንገፋዋለን።"

"አንቺ ትገፊያለሽ። የእኔ ጣቶች ለሥራ ይፈለጋሉ።"

ሳጅኗ፣ ማለትም ረዳቴ፣ ሳል መሰል ነገር አሰማች። እሷ ስትስቅ እንዲያ ነው።

በጥያቄዬ ያወጣሁት ይህን ነው። ዛሬ ፀሐይ ስትጠልቅ የሁለቱም አዘጋጆች ምዝገባ ይዘጋል፤ ለፍተሻ ያልቀረበ መኪና ደግሞ አይመዘገብም። ትናንት እራት ላይ ክርክሩ አልቆ እህት አሸንፋለች፤ ማኅበሩ ተመርጧል። በሩ አልተሰበረም። ቁልፉ ሁለት ነው፤ አንዱ ማዕድ ቤት ሚስማር ላይ ይንጠለጠላል፣ ሁለተኛው ታክሲውን ያደሰው መካኒክ ጋር ነው። መካኒኩ ትናንት ቀትር ላይ ባትሪውን ፈትቶ ለቻርጅ ወስዶታል።

"እናታችሁስ?"

"ከእራት በኋላ አክስታችን ጋ ሄዳ አደረች። አክስታችንን ጉልበቷን ስለሚያማት እናታችን ታሻታለች።"

ከግቢው ስንወጣ ሳጅኗ "ባትሪ የሌለው መኪና ማን ይሰርቃል?" አለችኝ።

"ጉልበት ያለው" አልኳት። በአገሩ ከእኔ ሌላ እንዲህ ቶሎ የሚመልስ መርማሪ ያለ አይመስለኝም።

መንገዱ ቁልቁል ነው። ከጋራዡ የተገፋ መኪና ያለ ሞተር እስከ ዋናው ጎዳና ይንሸራተታል። ጥርስ ሐኪሙ ምንም አለመስማቱ ስለዚህ አልገረመኝም።

*

ጣቢያ ስደርስ አለቃዬ መካኒኩን አስሮት አገኘሁ።

"ጉዳዩ አልቋል" አለኝ። "ቁልፍ አለው። ባትሪውን ራሱ አውጥቷል። በወጣትነቱ ደግሞ በስርቆት ታስሮ ያውቃል። ሰኞ ጠዋት ፍርድ ቤት ይቀርባል።"

"መኪናውስ?"

"ያወጣል።"

አለቃዬ ጉዳይ ሲዘጋ ፈጣን ነው። እኔ ሲከፈት ነው የምፈጥነው፤ ተቻችለን የምንኖረው ለዚህ ነው።

መካኒኩ ጥፍሩ ሥር ግራሶ ያለበት፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጧል።

"ወስደኸዋል?"

"ባትሪ የሌለው መኪና ምን ያደርግልኛል ጌታዬ?"

"ባትሪው አንተ ጋ ነው እኮ።"

"እሱም እውነት ነው" አለ አዝኖ።

ዝም አልኩ። ዝምታዬ የታወቀ ነው፤ በዝምታዬ ብቻ ሦስት ወንበዴዎች ተናዝዘዋል።

"ሚስቴ አራስ ናት" አለ በመጨረሻ። "አንዴ የታሰረ ሰው ስለሆንኩ ሱቅ የሚያከራየኝ አልነበረም፤ አሁን ያለሁበትን በስንት ልመና አገኘሁት። ሰኞ ፍርድ ቤት ከቆምኩ አከራዩ ቁልፉን ይቀይራል። ነፃ ብወጣም ይቀይራል።"

"እኔ እያለሁ አትቆምም" አልኩት። ከአፌ ከወጣ በኋላ ደግሞ መሥራት ነበረብኝ።

*

ከጥርስ ሐኪሙ ቤት ማዶ መንገድ የምትጠርግ ሴት ጎህ ሲቀድ ቢጫ መጎተቻ መኪና በጎን ጎዳና ሲያልፍ አይታለች። በሩ ላይ የኩባንያው ምልክት ነበረበት። ወደ ኩባንያው ሄድን።

ባለቤቱን ሰው ሁሉ "ቄንጠኛው" ይለዋል። ቢሮው ውስጥ የቆዳ ወንበር፣ ግድግዳ የሚያህል ካርታና ሽቶው አለ። ሽቶው ከእሱ ቀድሞ ተነስቶ ጨበጠን።

"መጎተቻ መኪናህ ጎህ ሲቀድ የት ነበር?"

"ሥራ ላይ።"

"ማን ጋ?"

"ደንበኛ ጋ። የደንበኛዬን ስም አላወጣም።"

"ታክሲው ባይጠፋ ወንድምና እህቱ ከማኅበሩ ጋር ሊሄዱ ነበር።"

"ሰምቻለሁ።" የሸሚዙን እጀታ ሰበሰበ። "ኢንስፔክተር፣ ሰው ስለ እኔ የሚለውን አውቃለሁ። በበሽተኛ ይነግዳል ይላሉ። አዎ፣ አተርፋለሁ። ትርፍ ስላለኝ ነው መኪና የማስከትለው። በረሃ ላይ አንድ ሰው ደረቱን ይዞ ቢወድቅ ቶሎ እደርሳለሁ። ማኅበሩ የሚደርሰው በቅን ልቦና ነው። ቅን ልቦና ጎማ የለውም።"

"ንግግሩን አጥንቶታል" አለች ሳጅኗ ደረጃውን ስንወርድ።

"ሌባ ሁሉ ያጠናል።"

"ያላጠና ሌባ ነው የምንይዘው እንግዲህ።"

በዚያ ሰዓት ዘጠና ከመቶ ሌባው እሱ ነው ብዬ ነበር። ቀሪውን ለማኅበሩ ሊቀመንበር ይዤላት ነበር።

*

ማኅበሩ የአንድ ትምህርት ቤት የጓሮ ክፍል ውስጥ ነው። ወንበሮቹ ሁሉ የስጦታ ስለሆኑ ሁለት የሚመሳሰሉ የሉም። ለእኔ የደረሰኝ ለሕፃናት የተሠራ ነበር፤ ጉልበቴን አገጬ ሥር አድርጌ ሕግን ወክዬ ተቀመጥኩ።

ሊቀመንበሯ ሽበቷን ያልቀባች፣ ቀጥ ያለች ሴት ናት።

"ለእኛ እያንዳንዱ መዋጮ በቀጥታ ለታማሚው ነው" አለች። "የእርዳታ መኪና የሚሉት ቅንጦት ነው። የእኛ ተጓዦች እርስ በርስ ይረዳዳሉ። አንዱ ሲቆም ሌላው ይጎትተዋል።"

"ታክሲው የጠፋው ግን እናንተን በመረጡ ማግስት ነው።"

"ታዲያ እኔ የመረጠኝን ልሰርቅ ነው?"

ትክክል ነበረች፤ ደስ አላለኝም። ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ውጭ የቆመ ትንሽ መኪና የፊት መከላከያው ላይ ቢጫ የመጎተቻ ገመድ ታስሮ ቀርቷል። ሌላ መርማሪ ቢሆን ገመድ አይቶ ያልፋል። እኔ ግን ቢጫውን አየሁ።

"ያ የማን ነው?"

"የእኔ መኪና ነው።"

"ገመዱስ?"

ቀጥ ብላ የነበረችው ሴት ትንሽ ጎበጠች። "የቀድሞ ባለቤቴ ነው።"

"ገመዱ?"

"ቄንጠኛው።"

ሳጅኗ ሳለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ራሊውን ድሮ አብረው ነበር የጀመሩት። ሲፋቱ እሱ መጎተቻውንና ትርፉን ወሰደ፤ እሷ በጎ ፈቃደኞቹንና ጽድቁን። ዛሬ ጎህ ሲቀድ ሞተሯ መንገድ ላይ ጠፋባትና ከመሬት እስከ ሰማይ ያለውን ሰው ሁሉ ትታ እሱን ጠራችው። መጣ። ጎትቶ እዚህ አደረሳት። ለማንም ላይናገር ማለ።

"አስከፈለሽ?"

"አስከፍሏል እንጂ" አለች። "እሱ እኮ ነው።" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ለሰው አይንገሩብኝ። በየስብሰባው ቅንጦት ነው እያልኩ ነው የኖርኩት።"

እንግዲህ ሁለቱ ተጠርጣሪዎቼ አንዱ ላንዱ ምስክር ሆነው አረፉት። በፍቅር ቢሆን ባላመንኳቸው፤ እንዲህ እየተናደዱ የሚመሰክሩ ሰዎችን ግን ማመን ግድ ነው።

*

ቀትር ላይ ወደ ታክሲ ተራው ወረድን። ሟቹ ዕድሜ ልካቸውን የሠሩት እዚያ ነው፤ አሮጌ ታክሲ የሚፈልግ ሰው ካለ የሚያውቁት ባልደረቦቻቸው ናቸው።

ተራው ከዋናው ጎዳና ዳር ያለ ጠባብ ቦታ ነው። ታክሲዎቹ ሁሉ አንድ ቀለም ናቸው፣ ሁሉም አርጅተዋል። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ሾፌሮቹ ሞተር አያስነሱም። ነዳጅ ለመቆጠብ ወርደው እየተጋገዙ ይገፋሉ። ከሰልፍ ወጥቶ የቆመ መኪና ግን ማዘጋጃ ቤት ይጭነዋል።

አንዱ ታክሲ ኮፈን ላይ ደገፍ ብዬ ሽማግሌ ሾፌሮቹን ጠየቅኳቸው። አለቃቸው ጥቁር ኮፍያ ያደረገ፣ ሁሉም "ኮፍያው" የሚሉት ነው።

"የእሱን ታክሲ ማን ይፈልገዋል?" አልኩት።

"እኛማ ምን እናደርገዋለን ልጄ። እኛው ራሳችን ለሽያጭ ብንቀርብ ገዢ አናገኝ።"

"ሌሊት የሚገፋ መኪና ያየ አለ?"

"መኪና ሲገፋ አየህ ብለህ የምትጠይቀው ታክሲ ተራ ላይ ነው?" ሁሉም ሳቁ።

በመሃል አንድ ሻንጣ የያዘ ሰው መጥቶ ተቆጣ። "እኔ የምለው፣ መጀመሪያ ላይ ያለው ታክሲ ለምን አይጭነኝም?"

"አሞታል" አለ ኮፍያው። "ከኋላው ያለው ይጭንሃል።"

"ታዲያ የታመመ ታክሲ ተራ ላይ ምን ይሠራል?"

"ተራውን ይጠብቃል።"

*

እናትየዋን እህታቸው ቤት አገኘናቸው። ሁለቱ ሴቶች የታጠበ ብርድ ልብስ ወዲህና ወዲያ ይዘው ያጥፋሉ። ሦስት ቦታ አጥፈው ጫፉን ወደ ውስጥ ሸጎጡት።

"ሌሊቱን እዚህ ነበሩ እማማ?"

"ከእህቴ ጋር።"

"አጠገቤ ነበረች" አለች አክስት። "ብቻ እኔ መድኃኒቴን ከዋጥኩ በኋላ ጣራው ቢወድቅ አልሰማም።"

"መኪናው ጠፍቷል" አልኳቸው።

"ልጄ ደውሎ ነግሮኛል።" ማጠፉን ቀጠሉ። "ይገኛል።"

"ሰውም ታስሯል።"

እጃቸው ቆመ። "ሰው? ማን?"

"መካኒኩ። ሰኞ ፍርድ ቤት ይቀርባል።"

"ያ ልጅ?" ብርድ ልብሱ ከእጃቸው ወደቀ። "ሚስቱ እኮ አራስ ናት። ቁርስ በላ?"

ስለ መኪናው አንድ ጥያቄ አልጠየቁኝም።

በቀጥታ ወደ ባዶው ጋራዥ ተመለስኩ። ጥግ ላይ ያለው ሸራ ሦስት ቦታ ታጥፎ ጫፉ ወደ ውስጥ ተሸጉጧል። ሌባ ሸራ ይጥላል እንጂ አያጥፍም። ሁለቱ ድንጋዮች ደግሞ ከጎማ ሥር የሚደረጉ ናቸው፤ ሌባ በእግሩ ይገፋቸዋል እንጂ አንስቶ መስኮት ላይ አይደረድርም። እንዲህ የሚያደርግ ወለሉን ነገ የሚጠርግ ሰው ነው።

"እናትየዋ ናት" አልኩ። ሰማይና ምድር ይህን ሲሰሙ ትንሽ ጸጥ ያሉ መሰለኝ።

"እሺ፣ መኪናውስ?" አለች ሳጅኗ።

"እሱን... እየደረስኩበት ነው።"

"ያ ባለሻንጣ ሰው አይገርምዎትም? የታመመው ታክሲ ስንመጣ መጀመሪያ ላይ ነበር። ስንሄድ ደግሞ ወደ ጭራው ሲገፉት አየሁ። ከሰልፍ አይወጣም፣ ሰውም አይጭንም።" ማስታወሻ ደብተሯን ዘጋችና፣ "እርስዎ የተደገፉበት እሱ ነበር።"

"አውቃለሁ" አልኳት። "ሆን ብዬ ነው የተደገፍኩት።"

*

ተራው ስንደርስ ታክሲው እንደገና ሰልፉ ፊት ላይ ነበር። ሽማግሌዎቹ ዙሪያውን ቆመው ይከራከራሉ። የኋላ ወንበር ላይ ሰው ተቀምጧል፤ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ወደ ፊት እያዩ።

እናትየዋ ነበሩ።

"ወዴት ነው እማማ?" አልኳቸው በመስኮቱ።

"አንተው ጋ። ጣቢያ። መኪናውን ትቼ ለምን በእግሬ እሄዳለሁ፤ ይዤው ልግባ ብዬ ተሳፈርኩ። ባትሪው የታሰረው ልጅ ጋ ነው አሉኝ።"

"እንገፋታለን እያልኳት ነው" አለ ኮፍያው። "ዳገቱ ነው እንጂ ያስቸገረን።"

አጠገባቸው ገብቼ ተቀመጥኩ። ለእንዲህ ያለ ጊዜ የማስቀምጠውን ድምፅ አወጣሁ። "ገብቶኛል እማማ። ማኅበሩ መጨረሻ ላይ መኪናውን ይሸጣል። የባለቤትዎ መታሰቢያ በጨረታ ሲሸጥ ማየት አልቻሉም።"

እኚያ ሴት ያዩኝን አስተያየት ወንጀለኛ እንኳ አይቶኝ አያውቅም።

"የምን መታሰቢያ? ይህን ብረት ጠልቼው ነው የኖርኩት። ዛሬውኑ ቢሸጥ እልል ባልኩ።"

"ታዲያ?"

"እሱ የሞተው ሩቅ መንገድ ላይ ነው። ሰው አድርሶ ሲመለስ ደረቱን ያዘው። ዳር አውጥቶ አቆመው። መኪናው ደህና ነበር፣ ምንም አልሆነም። ሰውዬው ነው የቆመው። ከጠዋት እስከ ማታ ስንቱ አለፈው። የቆመ ታክሲ ያየ ሁሉ ሾፌሩ ተኝቷል ይላል።" ቦርሳቸውን ከፍተው ዘጉ። "አሁን ደግሞ ሁለቱም ልጆቼ በዚያው መኪና፣ ከኋላቸው ማንም ሳይከተል።"

"ለምን አልነገሯቸውም?"

"ምን ብዬ? ልጄ ሁሉም ለበሽተኛ ይሄዳል ስትል እኔ ምን አፍ አለኝ? አንድ ቀን ልናገር ብሞክር በማኅበሩ ሴትዮ ፊት 'እማዬ፣ ፍርሃትሽን ተዪው' አለችኝ። ተውኩት። ምዝገባው እስኪዘጋ ልደብቀው፣ ነገ እመልሰዋለሁ አልኩ። እነዚህን ሰዎች ለመንኳቸው። ሸራውን ከኮፍያው ጋር አጥፈን መኪናውን አወጣነው። ልጄ ፖሊስ ይጠራል አላልኩም። ያ ልጅ ይታሰራል አላልኩም።"

መምህርቷ ከወንድሟ ጋር ስትደርስ ሳጅኗ በስልክ ሁሉንም ነግራት ነበር። በሌላኛው በር ገብታ እናቷ አጠገብ ተቀመጠች። ሦስታችንም የማይነሳ ታክሲ የኋላ ወንበር ላይ ተጣብበን ቆየን።

"እማዬ።"

"አቤት።"

"ፍርሃትሽን ተዪው ያልኩሽ..."

"ሰምቻለሁ ያኔ።"

"ሰው ሳይከተለን አንሄድም።"

"ለእኔ ብለሽ ከኩባንያው ጋር ልትሄጂ?"

መምህርቷ ወደ ፊት አየች። "ሊቀመንበሯን አነጋግራታለሁ። ማኅበሩ መኪና ካስከተለ ከእሱ ጋር፤ ካላስከተለ ከኩባንያው ጋር። ትርፉን ይብላው።"

ጥርስ ሐኪሙ መስኮቱ ጋ ቆሞ ሁለት ጊዜ አፉን ከፈተ። ምንም አላለም። ጥርስ ሐኪም አፉን ከፍቶ ዝም ሲል ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

*

መዝገቡን በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘጋሁት፦ መኪናው በሕጋዊ ባለቤቱ እጅ ተገኝቷል። ታክሲው ከባልየው ለሚስት የተላለፈ ነውና። የራስን ንብረት መስረቅ ወንጀል የሚሆንበት አንቀጽ አለቃዬ ደጋግሞ ፈልጎ አጣ።

እናትየዋ ጣቢያው በር ላይ ቆመው መካኒኩን ጠበቁት። ሲወጣ ይቅርታ ሊጠይቁት ቀረቡ። እሱ ነው የቀደማቸው።

"እማማ፣ ባትሪው ሞልቷል" አለ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ታክሲው በራሱ ሞተር ትምህርት ቤቱ ጓሮ ደረሰ። ሊቀመንበሯ ስለ ቅንጦት ልትጀምር ስትል እኔ በመስኮቱ ወደ ቢጫው ገመድ አየሁ። ብቻ አየሁ። ስልኳን አነሳች።

ቄንጠኛው ሽቶውን አስቀድሞ መጣ። "ነፃ አልሠራም" አለ ገና ሳይቀመጥ።

"ነፃ ማን ጠየቀህ?" አለች። "ከሰው መዋጮ ግን አንድም አይነካም። ተጓዦቹ ከኪሳቸው ይከፍሉሃል።"

"እኔ እከፍላለሁ" አለ ጥርስ ሐኪሙ ቶሎ ብሎ።

"ትርፌንስ?"

"ትርፍህን ጭምር" አለች መምህርቷ፣ መራራ መድኃኒት እንደ ዋጠ ሰው። መጎተቻውን የሚነዳ መካኒክ ሲፈለግም ማንን እንደምትጠቁም ጠንቅቃ ታውቅ ነበር።

በመነሻው ቀን ሄድኩ። ሕዝቡ ባሕር ነበር፤ ሳጅኗ መቶ አይሞላም ትላለች፣ እሷ ቆጥራ አታውቅም። ከሰልፉ ሁሉ ኋላ ቢጫው መጎተቻ ቆሟል፤ መሪው ላይ መካኒኩ፣ አጠገቡ ነርስ። ታክሲው ተዳፋት ላይ ስለቆመ ከኋላ ጎማዎቹ ሥር ሁለቱ ድንጋዮች ተደርገዋል። ልጆቹ ገብተው ቀበቶ አሰሩ። ወንድምየው ድንጋዮቹን ሊያነሳ በሩን መልሶ ከፈተ።

"ተቀመጥ" አሉት እናቱ።

መጀመሪያ ወደ ኋላ ሄደው መጎተቻውን ከጎማው እስከ መንጠቆው አዩት። መካኒኩን አዩት። ከዚያ ተመልሰው ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ፣ ጎንበስ አሉና ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ከጎማው ሥር አወጡ።